«መጣሁ» ያለው ሰው

ማናሴ ሞቶ የተገኘው በጥልፍ ቤቱ መጋዘን ውስጥ፣ አዲስ ታፔላ ላይ ተደፍቶ ነው። አናቱን ያገኘው የከሰል ካውያ አጠገቡ ወድቋል። ታፔላው ላይ «ጂቱ፣ የጥልፍ ዲዛይን ኃላፊ» የሚል ተጽፎበታል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና የሟቹ ሸሚዝ «ኃላፊ» የምትለውን ቃል ይዟት ተነሳ።

ኢንስፔክተር ገላኔ ያቺን ቃል ከሸሚዙ ላይ ስታነብ ኬክ ትዝ አላት። ባለፈው ሳምንት ባልደረባዋ ዱጋሳ ሹመት አግኝቶ መላውን የአዳማ ጣቢያ ኬክ አብልቷል። እሷም በልታለች። ኬኩ መጣፈጡ ነበር ይበልጥ ያናደዳት።

«ጨርሰናል ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ገብረወልድ። «ልጅቷ ናት፤ ጂቱ። ጎረቤት ሲገባ ሬሳው አጠገብ ቁጭ ብላ የተበተነ ክር በቀለም በቀለም ትለያለች። እንባ የለ፣ ጩኸት የለ። ስንጠይቃት ግድግዳ ታያለች።»

«ግድግዳ ማየት በየትኛው አንቀጽ ነው የሚያስቀጣው?»

ሳጅኑ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ደብተር አቀበላት። «በጽሑፏ ነው የተያዘችው። የሰማችውን ሁሉ በሰዓት ትመዘግባለች።»

ገላኔ አነበበች፦

2፡35 ገባሁ።
2፡40 ማናሴ ገባ።
2፡55 ማናሴ በስልክ ከዲንቄ ጋር ተጣላ።
ከ2፡57 እስከ 3፡04 ማሽን። ጆሮዬ ተሸፍኗል።
3፡05 የማናሴ ስልክ ጠራ። አላነሳም።
3፡10 ጋሽ ብዙነህ፦ «መጣሁ»።
ከ3፡12 እስከ 3፡24 ማሽን።
3፡25 ጋሽ ብዙነህ፦ «ኡኡ! ማናሴን ገደለችው!»

«ያዩታል?» አለ ሳጅኑ። «3፡05 ላይ ሰውዬው ሞቷል። ብዙነህ የመጣው 3፡10 ነው። ከዚያ በፊት ቤቱ ውስጥ ከሟቹና ከልጅቷ ሌላ ማን ነበር?»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ዲንቄ በር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ በመሃል ደግሞ ትናደዳለች።

«በስልክ ምን አጣላችሁ?»

«ታፔላው ነዋ! ራት ላይ ጂቱ፣ ቁርስ ላይ ጂቱ። “ጥለት ስታወጣ ብታያት” ይለኛል። ሃያ ዓመት ልጆቹን ሳሳድግ ለኔ ታፔላ ያጻፈልኝ አለ? “ሚስት” ብሎ በር ላይ ቢሰቅል ምን ነበረበት?» አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ ከቤቴ ነው የደወልኩት፤ ሠራተኛዬን ጠይቂያት።»

ዋናው ሰፊ ጋሽ ብዙነህ ግን እርጋታው ያስቀናል። አሥራ አራት ዓመት እዚሁ ሠርቷል፤ ጠዋት ቤቱን የሚከፍተውም እሱ ነው።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማያዊ ክር ልገዛ ሱሃይላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያው ከሷ ጋር ስንጫወት ቆየን።»

«መቼ ተመለሱ?»

«ሰዓቱን ልብ አላልኩም ነበር። ሳጅኑ ከደብተሩ ሲያነብልኝ ነው ያስታወስኩት፤ ሦስት ከአሥር። ማሽኔን ዘይት ቀባሁ፣ ከዚያ መጋዘን ስገባ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ክፋት የለባትም። ግን እንደኛ አይደለችም።»

ገላኔ ጂቱ ዘንድ ስትገባ መጀመሪያ ሰዉን አስወጣች። ቀጥላ የሚያፏጨውን አምፖል አጠፋች። ከፊቷ መቀመጡን ትታ ከጎኗ ተቀመጠች።

«አካም ጂቱ» አለቻት በኦሮምኛ። «አንድ አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቅሽ። ቶሌ?»

«ቶሌ። ሳጅኑ አራት በአንዴ ነው የጠየቀኝ። የመጀመሪያውን ስመልስ አምስተኛውን ጨመረ።»

«ለምን ክር ለየሽ?»

«ስፈራ እለያለሁ። እንባዬ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ምናልባት ሐሙስ።»

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም እንዳለባት ያወቀችው ከሁለት ሥራ ከተባረረች በኋላ ነው፤ አንዱ «ደንበኛ ዓይን አታይም»፣ ሌላው «ስትናገር ታሳፍራለች» ብሎ። ማናሴ ዓይኗን ተወውና ጥለቷን አየ።

«እዚህ ጎበዝ ነኝ» አለች ጂቱ፤ የምትኮራም የምታፍርም አትመስልም። «ከታሰርኩ የጀመርኩትን ጥለት ማንም አይጨርሰውም። ሌላ ቦታ ደግሞ ጎበዝ አይደለሁም።»

ገላኔ ቀናች። እሷ ስለራሷ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ለዱጋሳ ኬክ እንኳ «ጣፋጭ ነው» ያለችው ጥርሷን ነክሳ ነው።

የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ገለጠች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰው የሚለውና ማለት የፈለገው። ማናሴ ነው ያስጻፈኝ።»

ገላኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መስመር ፈገግ እያለች አነበበች። አራተኛው ላይ ፈገግታዋ ጠፋ። ደብተሩን ዘግታ ሳጅኑን ወደ ሱሃይላ ላከችው።

ሳጅኑ ሲመለስ ሁሉንም ስፌት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ገና አፏን ከመክፈቷ የብዙነህ ስልክ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ፣ መጣሁ» አለና ወደ በሩ ተራመደ።

ጂቱ የግድግዳውን ሰዓት አይታ ጻፈች።

«ይቀመጡ ጋሽ ብዙነህ» አለች ገላኔ። «አሁን ምን አሉ?»

«መጣሁ ነው ያልኩት።»

«ወዴት ሲሄዱ?»

ገላኔ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች፦ «“እንብላ”፦ አይጠብቅሽም፣ አትቀመጪ። “ብቅ በይ”፦ ቀን ካልነገረሽ አትሂጂ። “ትንሽ ቆይተን”፦ ዛሬ አይደለም። “መጣሁ”፦ ሄዷል። ቆመሽ አትጠብቂ።»

«አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠብቄያለሁ» አለች ጂቱ። «ጋሽ ብዙነህን ነበር።»

«ሰው ከውጭ ሲገባ “እንዴት አደራችሁ” ይላል» ቀጠለች ገላኔ። «“መጣሁ” የምንለው ስንወጣ ነው። ጂቱ ሰው ሲገባ “ገባ” ብላ ነው የምትጽፈው። 3፡10 ላይ ግን የሰማችውን ቃል ብቻ ጻፈች። ስለዚህ ጋሽ ብዙነህ ያን ሰዓት እየወጡ ነበር። ለመውጣት ደግሞ ውስጥ መሆን አለብዎት፤ ስምዎ አጠገብ “ገባ” ስለሌለ፣ እሷ ከመግባቷ በፊት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ማሽኑ ሲጮህ ማናሴን መቱት። ሲወጡም የአሥራ አራት ዓመት ልማድ አፍዎን ቀደመዎት።»

«ሱሃይላ ጋ ነበርኩ!»

«ሱሃይላ ሱቋን የከፈተችው ሦስት ሰዓት ነው» አለ ሳጅኑ እያፈረ። «የመጡት ሦስት ከሩብ ላይ ነው። ክር ከመግዛትዎ በፊት እጅዎን ታጥበዋል።»

«ጂቱ፣ ሲወጣ አይተሽዋል?» አለች ገላኔ።

«አዎ። ጀርባውን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!» አለ ሳጅኑ።

«የጠየቅከኝ “መጣሁ ያለው ስንት ሰዓት ነው” ብለህ ነው። መለስኩልህ።»

ብዙነህ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ታፔላውን ከሠዓሊው ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «እኔን ነው የላከኝ! አሥራ አራት ዓመት... የኔን ስም ጠመኔ እንኳ ነክቶት አያውቅም። ለሷ የዘይት ቀለም! “እኔስ?” አልኩት። “አንተማ ቤተሰብ ነህ” አለኝ።»

ዲንቄ ቀና ብላ አየችው። ያን መልስ እሷም ታውቀዋለች። ግን ዓይኗን ከእሱ አንስታ ተነሳችና ታፔላውን ካለበት አንስታ ለጂቱ ሰጠቻት።

«ለምስክርነት ያስፈልጋል» አለ ሳጅኑ።

«እንግዲያው ስትጨርሱ መልሱላት» አለች ዲንቄ። «“ኃላፊ” የሚለውን እኔ አስጽፈዋለሁ።»

ብዙነህ ታጅቦ ወጣ። በዚህ ጊዜ «መጣሁ» አላለም።

ገላኔም ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ደረሰች። «በይ ጂቱ፣ መጣሁ።»

ጂቱ ብዕሯን አነሳች። «ይመለሳሉ?»

ገላኔ አሰበች። «አይ።»

«እንግዲያው “ሄድኩ” ይበሉ።»

«ሄድኩ» አለች ገላኔ።

ጂቱ ሰዓቱን አይታ መዘገበችው።