ገመድ ያልተቀጠለለት ድምፅ ማጉያ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከሁሉም ቀድሜ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ስለ ዛር ስታወራ እንኳ «እማዬ፣ ተይ እስቲ» ብዬ ተነስቼ የምወጣ፣ አሁን የምነግራችሁንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ፀሐይ አናቱ ላይ ወጥታበት ነው እል ነበር፣ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት መቼም ታውቁታላችሁ።

ለክልሉ የስፖርት ውድድር ተብሎ ከከተማው ወጣ ብሎ ስታዲየም ሲሠራ እኔ የሠራተኞች ቅሬታ ተቀባይ ነበርኩ። ቢሮዬ ኮንቴነር ናት፣ ሠራተኛው ገብቶ በሩን ዘግቶ የልቡን ይነግረኛል፣ እኔ ስሙን ሳልጠቅስ ለአስተባባሪው አቀርባለሁ፣ ደንቡ ይኼው ነው። አስተባባሪው ዳንኤል ደግሞ ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ፣ ሥራውንም ያስገባኝ ጓደኛዬ ነበር።

አንድ ሰኞ ጋሼ ሰይድ ገቡ፣ የቀወት ገጠር ሰው ናቸው፣ ፌሮ የሚያስሩ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁለቴ ሳሉና «ልጄ፣ የምንጠጣው ውሃ የሚመጣልን በኬሚካል በርሜል ነው፣ ሁለት ሰው ሲያስታውክ ዋለ፣ እኔ ነኝ ያልኩት እንዳይባል ግን አደራ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ስምዎ ከዚህች ክፍል አይወጣም፣ በእኔ ይሁንብዎ» አልኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጥበቃዎቹ ጋሼ ሰይድን ከሥራ ተሰናብተዋል ብለው ከበር መለሷቸው። ሮጬ ስደርስ «ወላሂ ልጄ፣ አንቺን አምኜ ነበር» ብቻ ብለውኝ ሄዱ፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳንኤልን ስጠይቀው «ሰው ቀንሰን ነው፣ ከቅሬታው ጋር አይገናኝም» አለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም።

በማግስቱ አርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግማሹ ሠራተኛ ጁምዓ ሄዷል፣ የቀረው ዛፍ ሥር ይበላል፣ ጄኔሬተሩም ጠፍቷል። እኔ ምሳው አልበላ ብሎኝ ባዶው የተመልካች መቀመጫ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ገመድ ገና አልተቀጠለለትም፣ ገመዱ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ይታየኛል። መጀመሪያ ማይክ ላይ የሚተነፍስ ሰው የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፣ ባጃጅ ነው ብዬ ተውኩት፣ ከዚያ ሳል፣ ደረቅ ሳል፣ ሁለቴ፣ እመኑኝ ሳሉን ለየሁት።

«ልጄ፣ የምንጠጣው ውሃ...» አለ ድምፅ ማጉያው። አንድም ቃል ሳይቀር። ቀጥሎ የእኔው ድምፅ «በእኔ ይሁንብዎ» ሲል ሰማሁ። አበቃ ስል የዳንኤል ድምፅ መጣ፦

«በእኛ መሀል ይቅር፣ ልረዳው ብዬ እኮ ነው፣ ማነው?»

ከዚያ እኔ፣ ቀስ ብዬ፦ «ሰይድ።»

ይህን ደብቄያችሁ ነበር፣ አትፍረዱብኝ፣ ከራሴም ደብቄው ነበር። ዳንኤል በእናቱ ምሎልኝ ነው የነገርኩት፣ እሱም ሸጠኝ፣ ግን ጋሼ ሰይድ ያመኑት ዳንኤልን አይደለም። ወርጄ ገመዱን ነካሁት፣ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተፈታም። ዛፍ ሥር ያሉት ይበላሉ፣ ቀና ያለ ሰው የለም።

ሰኞ ሥራውን ለቅቄ ቀወት ሄድኩ። ባለቤታቸው ደጅ ላይ ተቀበሉኝና «ከአርብ ወዲህ ድምፅ የለውም፣ ውዱእ አድርጎ ለጁምዓ ሊወጣ ሲል ተዘጋ፣ ጤና ጣቢያ ወስደነው ጉሮሮው ደህና ነው አሉን» አሉኝ።

ጋሼ ሰይድ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ሥር ወድቄ ሁሉንም ተናገርኩ፣ የዳንኤልንም የራሴንም፣ እሳቸው ግን ዓይኔን ትተው አፌን ነበር የሚያዩት። ስጨርስ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ዘረጉልኝ፣ ዕቃዬን መልሺልኝ እንደሚል ሰው፣ ምን እንደምሰጣቸው ጠፋኝ፣ እጃቸውን አላጠፉም፣ ተነስቼ ስወጣም እንደዘረጉት ነበር።