ኮፍያው ከፎጣው በፊት

ተጠርጣሪ ገና ሳይጠየቅ ሲያምን ሌላው መርማሪ ደስ ይለዋል፤ ዳሃቦ አሬሮ ግን ትጠረጥራለች። ሉባባ ጣቢያ እንደ ገባች «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብላለች። የጣቢያው አለቃ ፒተርም «በቃ፣ አለቀ። እስከ ማታ ክሱን አዘጋጂ» ብሎ ወደ ሻዩ ተመልሷል። ለእሱ አለቀ። ዳሃቦ ግን አንድ ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆሞባታል፤ ሴትዮዋ ልጇን በምን ገደለችው?

ልጁ ስም እንኳ አልወጣለትም። ትናንት ጎህ ሲቀድ ሄሉ ሰፈር፣ በፍየል ነጋዴው በሰሊም ቤት ተወለደ። ቀትር ሳይደርስ ሞተ፤ እንደ ደንቡም ወዲያው ታጥቦ፣ ተከፍኖ ተቀበረ። ዛሬ ጠዋት የሰሊም ታናሽ ወንድም ፌይዝ ጣቢያ መጥቶ «ሕፃኑ ጭንቅላቱን ተመቶ ነው የሞተው» አለ። እናትየዋ ሉባባ ስትጠራ ያቺን አንዲት ቃል ተናግራ አፏን ዘጋች። መቃብር ለማስከፈት ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ ደግሞ «እኛ ሳንሞት አይሆንም» ብሏል። ስለዚህ ዳሃቦ እጇ ላይ ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ እሱም ቅጥ አምባሩ የጠፋ።

ፌይዝን በሰሊም ግቢ በር ላይ አቆመችው።

«አንድም ሳትጨምር ያየኸውን ንገረኝ።»

«ሙቅ ውሃ ላደርስ ሄድኩ፣ አፋንዴ» አለ፣ ፖሊስ በሚጠራበት ቃል። «በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አዋላጇ ሻሚ ልጁን ይዛዋለች። አናቱ ደም ነው፤ ቀይ። ስታየኝ በሩን በእግሯ ዘጋችብኝ።»

«ዱላ፣ ድንጋይ፣ የሚመታ ነገር አየህ?»

«አላየሁም።»

«ሲጨቃጨቁ ሰማህ?»

«ኧረ ዝም ነው ያሉት። ግን ሌላም ነገር አለ። ሆዷ የመንታ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ መንታ ነው ይል ነበር። የቀበርነው አንድ ነው። ሌላውስ የት ገባ?»

ዳሃቦ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። በአንድ ሟች የተጀመረ ጉዳይ፣ ይኸው፣ የጠፋም ጨመረ።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ወላዷ፣ አዋላጇ ሻሚ እና የሰሊም እናት ካልቱማ። ሬሳውን ያጠበችውም ካልቱማ ናት። ሰሊም ራሱ ሶሎሎ ከተማ ፍየል ሊገዛ ሄዶ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ተመልሶ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የነካውን ሁሉ ይሰብራል ብለው ስለ ሰጉ ማንም አይጠጋውም።

ሉባባ የወለደችበት ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ዳሃቦ ጎንበስ ብላ አየችው። መሐል ላይ የወላድ ደም አለ፤ ያ የሚጠበቅ ነው። ዙሪያውን ግን የውሃ እድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንጣሏል።

«እትዬ ሻሚ፣ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

ሻሚ የግማሹን ሰፈር ልጅ የተቀበለች ሴት ናት። ዛሬ ግን እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት ቀሚሷን ትጠቀልላለች። «ከእሷው ነው። እንዲህ ያለ የእንሽርት ውሃ በዕድሜዬ አላየሁም። ፍራሹን አልፎ ምንጣፉ ላይ ወረደ።»

«ሁለተኛው ልጅስ?»

«ወላሂ አንድ ነው! ውሃው ሲፈስ ያ ትልቅ ሆድ ሟሸሸ።»

«ልጁ እጅዎ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ምን አደረጉ?»

«ኮፍያ አምጡ አልኩ።»

«ፎጣ ሳይሉ? እርጥብ ልጅ ላይ?»

ሻሚ ምላሷን ነከሰች። «ካልቱማ አስምላኛለች። እሷን ጠይቂ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ካልቱማ ግራር ሥር መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት። ነጭ ሻሿ ሁለቱም ጫፎቹ ደረቷ ላይ መድረስ ሲገባቸው አንደኛው አንገቷ ላይ ቀርቷል። ዳሃቦ ይህን አየችና ለጊዜው ምንም አላለችም።

«እማማ ካልቱማ፣ ልጁን ያጠቡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ጭንቅላቱ ላይ ምን ነበር?»

«ሬሳ ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም። አንቺም የእስላም ልጅ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ምራትዎ እስር ቤት ናት!»

«አላህ ያያታል።»

«አላህማ ያያል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት!»

የዳሃቦ ድምፅ ከግቢው አልፎ ተሰማ። ካልቱማ መቁጠሪያዋን ቀጠለች። ዳሃቦ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ቦዳ ቦዳ ሞተር ጠርታ እስከ ጣቢያ ድረስ ለራሷ እያጉተመተመች ሄደች። ሌባ ይዋሻታል፣ ኮንትሮባንዲስት ይዋሻታል፤ ለዚያ መድኃኒት አላት። እውነቱን ይዘው በቅድስና ዝም ለሚሏት ሰዎች ግን ምን ታደርጋለች?

ሉባባ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። ጡቷ ወተት አግቷል፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል። ዳሃቦ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ በምን ገደልሽው?»

«በእጄ።»

«ትናንት?»

«ትናንት አይደለም።»

ዳሃቦ ዞራ አየቻት። ከጠዋት ጀምሮ ያገኘችው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

«የስድስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ነው» አለች ሉባባ። «ሰሊም ከድንበሩ ማዶ ሌላ ሊያገባ ነው ብለው ነገሩኝ። ብቻዬን ገብቼ ሆዴን በጡጫ መታሁት፤ ደጋግሜ። አትምጣብኝ፣ አልፈልግህም አልኩት። በኋላ ወሬው ውሸት ሆኖ ተገኘ። ትናንት ልጄን ሲሰጡኝ ኮፍያ አጥልቀውለታል። ላወልቅለት ስል ሻሚና ካልቱማ እጄን ያዙኝ። ያኔ ገባኝ። ለካ ጭንቅላቱን ነው የመታሁት።»

«ፊቱን አይተሻል?»

«ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወጣ ወጣ ያሉ። ግንባሩን አላየሁም። ኮፍያው ከቅንድቡ ነው የሚጀምረው።»

ዳሃቦ ተነሥታ ኮሪደር ላይ ቆመች። ሶሎሎ ለምትሠራው ሐኪም፣ ለጄን፣ ደወለች። ያየችውን ሁሉ ነገረቻትና አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ «ይህ ነገር ፅንሱን የሚይዘው መቼ ነው?» መልሱን ስትሰማ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። ፒተር ከቢሮው ብቅ አለ።

«ክሱ ደረሰ?»

«ክስ የለም። ሴትዮዋን ይዣት ቤቷ እሄዳለሁ።»

«አምናለች እኮ!»

«አዎ፤ ያላደረገችውን። ከተሳሳትኩ እኔን እሰረኝ።»

አሥር ሰዓት ገደማ ሁሉም በሰሊም ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሉባባ በሩ አጠገብ፣ ለመባረር እንደ ተዘጋጀ ሰው፣ ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠችው። ሰሊም አንገቱን ደፍቷል።

«እማማ ካልቱማና እትዬ ሻሚ መሐላቸውን አያፈርሱም» አለች ዳሃቦ። «የምናገረው እኔ ነኝ። ከተሳሳትኩ ዋሽተሻል በሉኝ።»

በበሩ በኩል ግቢው ውስጥ ወዳለው ፍራሽ አመለከተች።

«ፌይዝ መንታ ነበር አለኝ። መንታ አልነበረም፤ ፍራሹን ተመልከቱ፣ ያ ሁሉ ሆድ ውሃ ነው። ልጅ በማኅፀን ሳለ ውሃውን ይውጣል፤ መዋጥ ያቃተው እንደሆነ ውሃው ይጠራቀማል። ስለዚህ ይህ ልጅ ከመወለዱ በፊት፣ ማንም ሳይነካው፣ መዋጥ ያቅተው ነበር። ይህን ያዙልኝ።»

ወደ ሻሚ ዞረች።

«ከዚያ ኮፍያው። ሰፈሩን ሁሉ ያዋለደች ሴት እርጥብ ልጅ ይዛ ከፎጣው በፊት ኮፍያ የምትጠይቀው ምን ብታይ ነው? ተመትቶ የሚደማ ልጅ ብታይ ኖሮ ጨርቅ አምጡ፣ መኪና ጥሩ ትል ነበር። እሷ ግን የሸፈነችው ከእናቱ ዓይን ነው። ኮፍያው ደግሞ ከቅንድቡ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ከቅንድብ በላይ ግንባር የለም። ዓይኖቹ ወጣ ያሉት ለዚህ ነው። ፌይዝ፣ አንተ ያየኸው ቁስል አይደለም። የራስ ቅሉ አናት አልተሠራም ነበር።»

ሰሊም ቀና አለ። «ምን ማለት ነው? ማን ሰበረው?»

«ማንም። የተሰበረ ነገር የለም፤ ሳይዘጋ የቀረ ነው። ሰው ሲፈጠር መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ሳምቡሳ ሊጥ። ከዚያ ጠርዝና ጠርዙ ተነሥቶ ይታጠፋል፣ ይገጥማል፣ ቧንቧ ይሆናል። ከዚያ ቧንቧ አንጎልና አከርካሪ ይወጣል። ታችኛው ጫፍ ሳይገጥም ሲቀር ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ ያ ብዙውን ጊዜ በሕክምና ይተርፋል። ላይኛው ሲቀር ግን ቅሉ የሚያርፍበት አያገኝም። እንዲህ ያለ ልጅ ቢበዛ ለሰዓታት፣ ለቀናት ነው የሚቆየው። የትም ሆስፒታል ቢወለድ አያድኑትም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» አለ ሰሊም። ድምፁ ተሰነጠቀ። «አንድ ሰው መኖር አለበት፣ አፋንዴ!»

ዳሃቦም ይህንኑ ስትፈልግ ነው የዋለችው። «ካቴናውን ይዤ ብዞርም የማስርበት እጅ አጣሁ። የደወልኩላት ሐኪም ይህን የሚከላከል እንክብል አለ ብላኛለች፣ ፎሊክ አሲድ የሚባል። ሁሉንም አይደለም፣ ብዙውን። ግን ከመፀነስ በፊት ተጀምሮ ሲወሰድ ነው። ሉባባ፣ ላንቺ መቼ ሰጡሽ?»

«ክሊኒክ ስሄድ። ሆዴ ከታየ በኋላ።»

«አየህ፣ ሰሊም? እኔን የሚያሳብደኝ ይሄ ነው። ያ ቧንቧ የሚዘጋው ፅንሱ አራተኛ ሳምንቱን ሳያልፍ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ቁልፍ የሚሰጡን።»

ሉባባ ከበሩ ጠርዝ ፈቀቅ አለች። «ስንተኛው ሳምንት ነው ያልሽው?»

«አራተኛው። አንቺ መኖሩን እንኳ ሳታውቂ። በስድስተኛው ወር ብትመቺው፣ ብትሰድቢው፣ ብታለቅሺበት፣ ነገሩ ካለቀ ወራት አልፎታል። ጡጫሽ አልነካውም።»

«ያኔ…» አለች ሉባባ። «ያኔ እኮ ኢድ ነበር። ሰሊም ከናይሮቢ ሽቶ ያመጣልኝ ጊዜ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሰሊም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና አለቀሰ።

ዳሃቦ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ ካልቱማ፣ ዋሽቻለሁ?»

ካልቱማ ሻሿን ከራሷ አወረደችና ያጠረውን ጫፍ ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። በጥርስ የተቀደደ ነው። የጎደለው ቁራጭ ከልጁ ጋር መቀበሩን፣ ያልተሠራውን አናት ቦታ መሙላቱን፣ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ያየሁትን ለሐኪሟ እነግራታለሁ» አለች። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመስጊዱን ሸኽ ጠይቄ መጣሁ፤ የተበደለን ለማዳን ይፈቀዳል አሉኝ። ዝም ያልኩት ለልጄ ልጅ ክብር ነው። የቤታችን ልጅ እንዲህ ሆነ ተብሎ መጫወቻ እንዳይሆን። እሷ ራሷን ትከሳለች ብዬ በምን ልወቅ? ጠይቃኝ አታውቅም።»

«እጄን ያዛችሁኝ እኮ» አለች ሉባባ።

ሉባባ በጉልበቷ ምንጣፉን አቋርጣ ካልቱማ አጠገብ ደረሰች።

«ከኮፍያው ሥር የነበረውን አልጠይቅሽም። ሌላውን ንገሪኝ። ምን ይመስል ነበር?»

ዳሃቦ የካልቱማን ፊት አየች። ቀኑን ሙሉ ስትወተውታት የዋለችው ክፉውን እንድትናገር ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ነገር መጠየቅ ይቻላል ብላ አላሰበችም።

«ያጠበ ሰው ክፉውን ይሸሽጋል» አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ፤ «ደጉን ግን እንዲናገር ይፈቀድለታል።» የምራቷን እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። «እነዚህን ነበር ያጠብኩት። ረጃጅም፣ ጫፋቸው ቀጠን ያለ። ከአባቱ ወገን እንዲህ ያለ እጅ ያለው የለም። ያንቺ ነበሩ።»