ሰማያዊው ምንድን ነው?

መሐሪን ያወቅሁት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ የፈነዳ ኮከብ ሥዕል አያለሁ፤ እሱ ወረፋ ይጠብቃል።

«ይሄ አበባ ነው ወይስ ቁስል?» አለኝ።

ቀና ብዬ አላየሁትም። «ኮከብ ነበር» አልኩ። «ሰማያዊው በኤክስሬይ የታየ የጋለ ጋዝ ነው፤ ቀዩ በኢንፍራሬድ የታየ አቧራ። የኛ ዓይን የሚያየው ይቺን ቢጫ ክር ብቻ ነው።»

«እስኪ ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ሁለት ዓመት ስደግምለት ኖርኩ። ስለ እያንዳንዱ ሥዕል የጻፍኩትን በቃሉ ያጠናል፤ ዜማ በቃል በሚጠናበት በቤተ ልሔም ከደብተራ ልጆች ጋር ያደገ ነውና አንድ ቃል አይጥልም። ሲያጠና ከንፈሩን ሳይ ነው የወደድኩት።

ከተመረቅን በኋላ ጽሑፌ በሬዲዮ ሲነበብ ሰማሁ። ጸሐፊው መሐሪ ነው ተባለ።

እኔ መካነ ኢየሱስ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር፣ እሱ ሥዕሎቹን ይዞ በጽሑፌ እያብራራ ከተማ ለከተማ ይዞር ጀመር። በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ ወደኛ ትምህርት ቤት መጣ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ሊልክብኝ አስቦ ነበር።

«ጽሑፉ ላይ ስሜስ?» አልኩት በትዕይንቱ ዋዜማ።

«ውባለም፣ ልንጋባ አይደል እንዴ? ያንቺና የኔ ምን አለው?» ሳቀ። «ደግሞ አንቺ ሰው ፊት አትቆሚም።»

ዓይናፋር ሰው ቂም የሚይዝ አይመስልም።

ሥዕሎቹን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻው የኮከብ ሥዕል ቦታ እሱ ያላጠናውን ሰቀልኩ፤ የተጋጩ ሁለት የጋላክሲ መንጋዎችን። በዚያ ሥዕል የጋለው ጋዝ ሮዝ ነው። ቀለሙን የሚመርጡት ሥዕሉን የሚያዘጋጁት ሰዎች ናቸው፤ ከሥዕል ሥዕል ይለያያል። ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከፊት ተቀምጠዋል። መሐሪ አማረለት፤ ተጨበጨበለት። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ፣ «ሰማያዊው የጋለ ጋዝ ነው» አለ።

ተነሣሁ። «ሮዙስ?»

አየኝ። «ሮዙ… አቧራ ነው።»

«ጋዙ ሮዙ ነው። ሰማያዊው ምንድን ነው?»

ከኋላ አንዷ ተማሪ «ጠፋው» አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። ቅኔ ቤት የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ የሚጋለጠው እንዲህ ነው፤ ቅኔውን እንዲፈታ ይታዘዛል። አባቴ በዚህ ስንቱን ይዘዋል።

«ልጄ፣ ያንተ ከሆነ ፍታው እንጂ» አሉት ቀስ ብለው።

መሐሪ ወለሉን ያይ ጀመር። ያን ዝምታ ከበቂ በላይ አቆየሁት። ጣፈጠኝ።

ከዚያ እኔ ፈታሁት። «ሰማያዊው የማይታይ ቁስ ያለበት ስፍራ ነው። ብርሃን አይሰጥም። መኖሩ የሚታወቀው ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ሲያጣምም ነው። በግጭቱ ጋዙ ወደ ኋላ ቀረ፤ እሱ ግን ሳይነካ አለፈ።»

መሐሪ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ትላንት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

«አባትሽ ፊት አዋረድሽኝ እኮ።»

«አዎ።»

እጄን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። እኔም እንዲይዘኝ ፈልጌ ነበር፤ አላልኩትም።

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን አጋመስን። «እሑድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ?» አሉኝ።

«ይቅሩ።»

«አትወጂውም ማለት ነው?»

«እወደዋለሁ አባባ» አልኩ። «ይቅሩ።»