ያረጁ የተባሉ ዝንቦች

«ካሜራው የቀዳውን ተመልከቱ! ዝንቦቹ ሌሊቱን ሙሉ ንቅንቅ አላሉም እኮ!» አሉ ዶክተር ሐመልማል፤ ላፕቶፑን ወደ ልጆቹ እያዞሩ። ሠርከአዲስ አንገቷን ደፋች። ፊሮምሳ በክርኑ ጎሸም አደረጋት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።

ዶክተር ሐመልማል ስለ እርጅናና ስለ እንቅልፍ የሚመራመሩ ሰው ናቸው። ከጎባ ሮቤ እየተመላለሱ የትምህርት ቤቱን የሳይንስ ክበብ ልጆች የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት አስተምረዋል። ዝንብ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ቶሎ ያረጃል፤ ሲያረጅ ደግሞ እንደ ሰው እንቅልፉ ይቆራረጣል። እሳቸው ያረጁትን ዝንቦች አዲስ ምግብ እየመገቡ እንቅልፋቸው ይመለስ እንደሆነ ማየት ፈልገዋል። የእነዚህ ያረጁ ዝንቦች ጠርሙስ ለሠርከአዲስና ለፊሮምሳ ደረሰ። ተማሪው «የዝንብ እረኞች» እያለ ቢያሾፍም ሠርከአዲስ ኩራቷ ሌላ ነበር።

ጣጣው የመጣው ባለፈው ሳምንት፣ መብራት የጠፋ ቀን ነው። የሮቤ ብርድ ለሰውም አይመች፣ ለዝንብማ አይወራም። የሚያሞቃቸው አምፖል ከጠፋ ተረኛው ጠርሙሱን በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ መውሰድ አለበት። ተረኛው ፊሮምሳ ነበር። እሱ ግን ኳስ ሊያይ ጎባ ሄዶ እዚያው አደረ። ሲመለስ ዝንቦቹ በሙሉ ሞተዋል። መብራት ሳይመጣና ካሜራው መቅዳት ሳይጀምር ወደ አክስቱ ጠጅ ቤት ሮጠ፤ በጋኑ አፍ ላይ ከሚርመሰመሱት ዝንቦች ሰብስቦ ጠርሙሱን ሞላው። ጉዳዩን የነገረው ለሠርከአዲስ ብቻ ነው።

«ዝንብ ዝንብ ነው፤ ማን መታወቂያ ይጠይቃቸዋል?» ብሏት ነበር። እሷም ሳቀች። አሁን ያ ሳቋ ያሳፍራታል።

«ምግቡ ሠርቷል» አሉ ዶክተር ሐመልማል ፊታቸው በርቶ። «እናቴ እኮ ስትገላበጥ ነው የሚነጋላት። ትናንት ስነግራት ደስታዋን ብታዩ! ‹ለእኔም አምጪልኝ› አለችኝ።»

ዶክተር ሐመልማል ስልካቸውን ከመኪና ሊያመጡ ሲወጡ ፊሮምሳ ሠርከአዲስን ተጠጋት።

«ማሎ ሠርኬ፣ እባክሽ፣ ካወቁ ከክበቡ ያባርሩኛል። አባቴ ደግሞ አይለቀኝም።»

«ለእናታቸው እኮ ነግረዋቸዋል!»

«ዝም ካልን ያልፋል።»

«ምኑ ነው የሚያልፈው? ያረጁ የሚሏቸው የጋኑ ዝንቦች ገና ወጣት ናቸው፤ ለምን አይተኙ? ምግቡ ምንም አላደረገም ይሆናል።»

የፊሮምሳ ዓይን እንባ አቅርሯል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰው ሲነካት ቀድሞ የሚቆምላት እሱ ነው። ተናደደችበት፤ አሳዘናትም።

ዶክተር ሐመልማል ስልካቸውን ይዘው ተመለሱ። «ኑ እስቲ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ቁሙልኝ። ፎቶውን ለባልደረቦቼ ልልከው ነው።»

ሠርከአዲስ ጠርሙሱን ከፊሮምሳ እጅ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ፎቶው ይቆይ ዶክተር» አለች። «ፊሮምሳ የሚነግርዎት ነገር አለ። እኔም አውቅ ነበር።»

ዶክተር ሐመልማል ስልካቸውን ዝቅ አድርገው ተራ በተራ አዩዋቸው። ሠርከአዲስ ፊሮምሳ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ሳትቸኩል፣ እስኪጀምር ጠበቀችው።