ራሱን የሚለካ መሣሪያ

«ኧረ ፈገግ በይ የኔ ቆንጆ! ሰው የሞተብሽ አስመሰልሽው እኮ» አለ የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ። ይህን ብሎ አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ አራሰና የልጅቷን ቅንድብ በምራቁ አስተኛው።

ልጅቷን አቅለሸለሻት። እጁን ገፋ አድርጋ ግንባሯን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። ጋዋኑ ገና ጠዋት ከላስቲኩ የወጣ ስለሆነ እጥፋቱ አልተዘረጋም። ክፍሉ ደግሞ የአዲስ ቀለም ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

«የምትይውን አልረሳሽውም አይደል?»

«አልረሳሁም።»

እንዴት ይረሳል? አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «ፊዚክስን የወደድኩት እዚህ ላብራቶሪ ውስጥ፣ አባቴ ሲሠራ እያየሁ ነው።» ልጅቷ እዚህ ላብራቶሪ ስትገባ ግን ዛሬ ገና የመጀመሪያዋ ነው። አባቷም ቢሆን የምረቃውን ሪባን ከቆረጠ ወዲህ የገባ አይመስልም። መሣሪያዎቹ ውድ ናቸው፣ ይበላሻሉ ተብሎ በሩ ሁልጊዜ ይቆለፋል። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ላስቲኮቹ ይነሳሉ፣ ተማሪዎች ጋዋን ለብሰው ይደረደራሉ። እንግዳው ሲሄድ ሁሉም ተመልሶ ይሸፈናል።

አባቷ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነው። የሚቀረጸው ፊልም የሕይወት ታሪኩ ሲሆን፣ የሚታየውም ቦርዱ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሾመው በሚሰበሰብበት ዕለት ነው። ታሪኩን ልጅቷ በቃሏ ታውቀዋለች። ወጣት መምህር ሳለ፣ ከህዋ እየመጡ በሰውነታችን ውስጥ የሚያልፉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚቆጥር መሣሪያ ከብስኩት ቆርቆሮና ከአሮጌ ሬዲዮ ሽቦ ሠራ። ባልደረቦቹ ሳቁበት። ያገኘውን ውጤት ግን ትልልቅ ላብራቶሪዎች ደግመው ለክተው ልክ ነው አሉ፤ ያኔ ስሙ ተጠራ። ልጅቷ ስትወለድ በጣም ትንሽ ስለነበረች የቤት ስሟን እንኳ «ቅንጣት» ያላት እሱ ነው። ከዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ፣ ከዚያ ዲን፣ ከዚያ ምክትል፣ ከዚያ ፕሬዚዳንት። ወንበሩ በሰፋ ቁጥር ጣቶቹ ላይ የነበረው የብየዳ ጠባሳ እየጠፋ፣ እጁ እንደ ሕፃን እጅ እየለሰለሰ ሄደ።

እንዲያም ሆኖ ትኮራበት ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ፊዚክስ በተነሳ ቁጥር «የኔ አባት እኮ» ማለት የሚቀናት፣ ጓደኞቿ «ጀመራት ደግሞ!» እያሉ ሙድ የሚይዙባት ልጅ ነበረች።

ጠዋት ከአባቷ ጋር ስትመጣ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ኮሪደሩ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ በፎይልና በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ቱቦ በቱቦ የሆነ ዕቃ ተገትሯል። ተማሪዋ የምትሠራው ከላብራቶሪው ጎን፣ በመስታወት ግድግዳ ብቻ በሚለየው አሮጌ ክፍል ውስጥ ነው። ለሙከራዋ በዕቃው ውስጥ አየር የሚባል ነገር መኖር ስለሌለበት፣ ፓምፑ ለሳምንታት ሌት ተቀን ሲመጥ ከርሟል።

«ማን ነው እዚህ ያወጣው?» አለቻት ልጅቷ።

«ያ የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ። በመስታወቱ በኩል ለካሜራው ይታያል፣ የቆሻሻ ክምር ይመስላል አለኝ። እኔ ሳልደርስ ነቅለው ገፍተው አወጡት።» አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ ብቻ ደርቋል። «አየር ገባበት። በቃ፣ እንደገና ከዜሮ ነው።»

አባቷ አጠገባቸው ሆኖ ይህን ሁሉ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከተነቀለ ምን እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በሕንጻው ውስጥ የለም። ሱሪውን በሁለት ጣቱ ሰብሰብ አድርጎ መሬት ላይ የተዘረጋውን ገመድ ተሻገረና «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሏት ገባ። በርቺ! ልጅቷ ጫማውን ስታየው እንደ መስታወት ያበራል።

አሁን ካሜራው ፊት ቆሞ፣ ድምፁን አለስልሶ ያስረዳል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ እየሣለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ስክሪኑ ላይ አራት ማዕዘን የሆኑ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ ደረጃዎች ይፈስሳሉ።

«ይህ የምታዩት» አለ አባቷ «ከህዋ የመጡ ቅንጣቶች ምልክት ነው። እነሆ፣ በዚህች ቅጽበት እየተቀበልናቸው ነው።»

«አቦ ነፍስ ነው!» አለ ካሜራ ማኑ።

ልጅቷ ስክሪኑን ፍጥጥ ብላ አየችው። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ እንዲህ ያለ አሮጌ መሣሪያ ቤት አምጥቶ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስተምሯታል። መሣሪያው ደህና መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ሽቦውን በመሣሪያው በራሱ ገጽ ላይ ባለችው ትንሽ ብረት ይሰኩታል፤ ያኔ ራሱ የሚያወጣውን ምልክት መልሶ ራሱ ያሳያል። እንዲህ ያሉ አራት ማዕዘን ደረጃዎችን። «ይሄን ግን ልኬት ነው እንዳትይ» ይላት ነበር እየሳቀ። «መስታወት አይቶ እንግዳ መጣልኝ እንደማለት ነው።»

ሽቦውን በዓይኗ ተከተለችው። ጫፉ እዚያችው ትንሽ ብረት ላይ ተሰክቷል።

አንድ የማያውቅ ሰው ሰክቶት ይሆናል ብላ አሰበች። እንዲያ ቢሆን በወደደች። ካሜራ ማኑ መብራት ሲያስተካክል ጠብቃ ወደ አባቷ ተጠጋችና «አባዬ» አለችው በሹክሹክታ። «ሽቦው እኮ ራሱ ላይ ነው የተሰካው።»

«አውቃለሁ፣ ቅንጣት» አለ አባቷ ክራቫቱን እያጠበቀ። «እኔ ነኝ የሰካሁት።»

ዓይኗን ከሽቦው ወደ እሱ መለሰች።

«እውነተኛው ምልክት ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ለፊልም አይመችም። ይሄ ቆንጆ ሆኖ ይታያል። ደግሞስ ማን ይገባዋል ብለሽ ነው?»

ልጅቷ ቁጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች። የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም። ያ ምራቅ ቅንድቧን ሲነካ የተሰማት ያው ስሜት ነበር። የአባቷ ፊት ላይ የተቀባው ፓውደር በላብ ረጥቦ ሲወርድ፣ ጥርሱ በመብራቱ ሲያበራ አየችና ፊቷን አዞረች። ሰው የገዛ አባቱን መጸየፍ እንደሚችል አታውቅም ነበር፤ አስፈራት።

«ቀጣይዋ ልጅት ናት!» አለ ኃላፊው እያጨበጨበ። «ነይ፣ ከመሣሪያው አጠገብ ቁሚ። ስክሪኑን በጣትሽ እያሳየሽ ተናገሪ።»

«አልልም» አለች።

«ምን?»

«አልልም። ውሸት ነው።»

አባቷ ወደ እሷ መጥቶ ትከሻዋን ያዘና ጎንበስ አለ። «አንድ ዐረፍተ ነገር ነው እኮ፣ ቅንጣት። ለእኔ ስትይ።»

ከዚህ በፊት ለእኔ ስትይ ብሏት እምቢ ብላ አታውቅም። እሱም ይህን ያውቃል፤ ቀድሞ ፈገግ ብሏል።

«ለአንተ ብዬማ ነው» አለች። ጋዋኑን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

የአባቷ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ፊቱ ላይ ጥቂት ቆየ። ኃላፊው ግን ሰከንድ አላባከነም። «ችግር የለም ፕሮፌሰር! የፀሐፊዎ ልጅ ታች አለች። አባቴ የሚለውን ፕሬዚዳንታችን ብለን እንቀይረዋለን።» የተጠራችው ልጅ ሮጣ መጣች፤ ጋዋኑን ለበሰች፤ ቅንድቧም በዚያው አውራ ጣት ተስተካከለ። ዐረፍተ ነገሩን ባንድ ትንፋሽ፣ ሳትሳሳት አለችው። አባቷም እጁን በባዕዷ ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ፈገግ አለላት። የገዛ ልጁ እስከ ዛሬ የራሷ ብቻ ትመስላት የነበረች ፈገግታ ናት። ልጅቷ ከዚያ በላይ ማየት አልቻለችም፤ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ተማሪዋ ቱቦዎቹን እየፈታች ነበር።

«ላግዝሽ?»

«እጅሽ ይቆሽሻል።»

«ይቆሽሽ።»

ተማሪዋ ቀና ብላ አየቻትና የጎማ ቀለበት አቀበለቻት። «እንግዲያው ይሄን ያዢልኝ። አቧራ እንዳይነካው ብቻ።»

ሁለቱ በሥራቸው ተጠምደው ሳሉ በሩ ተከፈተና ሁሉም እየተሳሳቁ ወጡ። ዕቃው መንገዱን ስለዘጋው ተራ በተራ ግድግዳ እየታከኩ አለፉ። አባቷ አጠገባቸው ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ ክፍት ቱቦው ላይ አረፈ፤ እጁ ከኪሱ ግማሽ ድረስ ወጣ። አንድ ነገር ሊል ነው ብላ ጠበቀች።

«ፕሮፌሰር፣ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው!» አለ ኃላፊው ከደረጃው።

እጁ ተመልሶ ኪሱ ገባ። «ተነሺ ቅንጣት» አለ። «መኪናው እየጠበቀን ነው።»

ልጅቷ የጎማውን ቀለበት በሁለት ጣቷ እንደያዘች ነበር። ጫማውን ላለማየት ወደ ፊቱ ቀና አለች።

«እናንተ ሂዱ፣ አባዬ» አለችው። «እኔ በታክሲ እመጣለሁ።»