የትኛው ይቅደም

የፍቅር ነገር ሲነሳ አሮጊትን ማን ይጠይቃል? ለተማሩት፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የሌለው ይመስላቸዋል። እኚህ አያት ግን ሁሉንም ከጠረጴዛው ማዶ ልብስ እየተኮሱ አይተዋል።

የልጅ ልጃቸው ፊዚክስ ታጠናለች። አንድ ወጣት ሒሳበኛ ቤታቸው የመጣው ስሌትሽ ተሳስቷል ሊላት ነበር። አልተሳሳተም ብላ ተከራከረችው፤ በዚያው ቤት ለመደ። ወረቀት ይቀማማሉ፣ ይሰዳደባሉ። ዓይናቸው ሲገጥም ግን ሁለቱም ጭጭ። አያቷ ዝምታውን ወደዱት።

«በምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?» አሉ አንድ ቀን።

«እማማ፣ የኳስን ሕግ ወስደን ለአቶም የሚሆን ሕግ እናወጣለን፤ ኳንታይዜሽን ይሉታል» አለ ሒሳበኛው። «በኳስ ዓለም የኳሱን ቦታ በፍጥነቱ ማባዛትና ፍጥነቱን በቦታው ማባዛት አንድ ነው። በአቶም ዓለም ግን የቀደመው መልሱን ይለውጠዋል።»

«ምኑ ይገርማል? አጥቦ መተኮስና ተኩሶ ማጠብ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?»

ልጅቱ ሳቀች። «የእኔ ዘዴ ሁለቱንም ቅደም ተከተል እኩል ይደባልቃል። የእሱ ሁልጊዜ አንዱን ያስቀድማል።»

«ታዲያ ማናችሁ ናችሁ ልክ?»

«ሁሉን የሚያስማማ ዘዴ የለም፤ ተረጋግጧል» አለ እሱ። «አንዱ ሕግ ሲጠበቅ ሌላው ይሰበራል።»

«እና ተዋችሁት?»

«የሚጎድለውን መርጠን እንቀጥላለን» አለች ልጅቱ፣ እሱን እያየች።

ብዙም ሳይቆይ ሒሳበኛው ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ። መምጣቱንም አቆመ። ልጅቱ ስሙ ሲነሳ ስኳር የሌለበትን ሻይ ታማስላለች።

አያቷ እሷን አስከትለው ቤቱ ድረስ ሄዱ። ልጅቱ ኩራት ይዟት ከደረጃው ሥር ቀረች። እሳቸው ጉልበታቸውን እየረገሙ ወጡ። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል።

«ሳትሰናበታት ልትሄድ ነው?»

«እማማ፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ። እኔ ብቀር ሥራዬ ይቀራል። እሷ ብትከተለኝ ጥናቷ ይቋረጣል፣ እርስዎም ብቻዎን ይሆናሉ። አንድም ነገር የማይጎድልበት መንገድ አጣሁ። ምን ብዬ ልምጣ?»

«እሷን ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ጉድ እኮ ነው! የሁለት ሰው ነገር ብቻህን ቆርጠህ ጨረስከው። በእኔ ደግሞ አታመካኝ፤ አንተ ሳትወለድም ብቻዬን ኖሬያለሁ። ትወዳታለህ?»

«በጣም።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ታች ቆማለች፤ ውረድና ለእሷ ንገራት። እኔ እዚህ ቁጭ እላለሁ። ስትመለስ ያለችህን አንዲት ቃል ሳታስቀር ትነግረኛለህ።»