የዲያቆን መሳይ ወተት

መሳይ ፍራሹ ላይ በጎኑ እንደተኛ ነው የሞተው። ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር፣ ሮሌክስ የሚሉት የእንቁላል ቂጣ ከሚጠበስበት ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ። ከንፈሩ ደርቋል። አንሶላው በላብ ርሷል። አጠገቡ ያስመለሰበት ባልዲ አለ። ታላቅ እህቱ ገንዘቤ እግሩን ይዛ ተቀምጣለች። አትጮህም። ዝም ብላ እግሩን ታሻለች፣ የሚሞቅላት ይመስል።

የገደለው ወባ ነው። እሱን ሁሉም ያውቃል። ግን ወባ መድኃኒት አለው፣ መሳይም ወስዷል። ታዲያ ለምን ሞተ?

መልሱ ለቅሶ ቤቱ እስኪሞላ እንኳ አልጠበቀም።

"ጾሙ ነው" አለች ጎረቤቷ ፋንቱ። ድምፄን ዝቅ አድርጌያለሁ ብላ ነው፣ ግን ውጭ ድረስ ይሰማል። "ዶክተር ሲናገር አልሰማችሁም? የወባ ኪኒን ከወተት ጋር ካልተወሰደ ሰውነት ውስጥ አይገባም። እህቱ ፍልሰታ ነው ብላ ባዶ ሆዱን አስዋጠችው።"

"ዲያቆን ነዋ። እንዴት ወተት ይጠጣ?" አለች ሌላዋ።

"ዲያቆን ከሆነስ ይሙት?"

ገንዘቤ ሰማች። የመሳይን እግር ማሻቷን ቀጠለች።

ሬሳው አዲስ አበባ እንዲሄድ የፖሊስ ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ኢንስፔክተር ረድዋን መጣ። አባቱ የካምፓላ ሰው ነው፣ እናቱ የደሴ። አማርኛ የለመደው ከእሷ ስለሆነ፣ አበሻ በሞተ ቁጥር የሚላከው እሱ ነው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አየ።

"የወሰደው መድኃኒት የት አለ? ካርቶኑ?"

ሰው ተያየ። ካርቶን የለም። ማሸጊያው እንኳ የለም።

"ዶክተር ሰበሰበው" አለች ፋንቱ። "ማናችንም ሳንሰማ ቀድሞ የደረሰ እሱ ነው። እህቱ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች ብሎ ነው ያነሳው። ደግ ሰው ነው።"

ዶክተር የሚሉት ወልደየስን ነው። እውነቱን ለመናገር ነርስ ነው። ታች መንገዱ ላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለው። ካምዎክያ ያለ አበሻ ግን ዶክተር ነው የሚለው።

"ሬሳ ሳይነሳ ካርቶን የሚያነሳ ሰው" አለ ረድዋን ለራሱ።

ከወልደየስ በፊት ግን ተሻለን ነው የጠየቀው። ተሻለ ኦዊኖ ገበያ ከመሳይ ጋር ጫማ ይሸጥ ነበር። መድኃኒቱን ያመጣውም እሱ ነው።

"በቅርብ ከመሳይ ጋር ተደባድባችሁ ነበር አሉ።"

"ተደባደብን። ታረቅን። ሰው አይጣላም እንዴ?"

"መድኃኒቱን ከየት ነው ያመጣኸው?"

"መጀመሪያ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዛ በነጻ ነበር። 'አልቋል' አሉኝ። ረጂዎቹ መላክ አቁመዋል፣ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፣ ውጭ ግዛ አሉ። ቦዳ ሞተር ላይ ተሰቅዬ ዶክተር ጋ በረርኩ።"

"መንገድ ላይ ካርቶኑን ከፍተሃል?"

"ለምን ብዬ?" ተሻለ አይኑ ቀላ። "ኢንስፔክተር፣ እንዲሞት ብፈልግ መድኃኒት አመጣለት ነበር? ዝም ብዬ ብቀመጥ አይበቃም?"

ረድዋን ይሄን ቆም ብሎ አሰበበት። እውነቱን ነው።

ወልደየስ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ በተተኮሰ ነጭ ጋዋን ቆሞ ነው የተቀበለው። ወንበር ሰጠው። ውሃ ሰጠው።

"ካርቶኑን ምን አደረጉት?"

"ጣልኩት። ሰው ከሞተ በኋላ መድኃኒት ምን ይሠራል?"

"የት ጣሉት?"

"የቆሻሻ መኪና ወስዶታል። ስማ ልጄ፣ መድኃኒቱ ደህና ነበር። አንዲት ብርጭቆ ወተት ቢጠጣ ኖሮ ዛሬ ኦዊኖ ጫማውን ይሸጥ ነበር።"

"አለመጠጣቱን በምን አወቁ?"

"እህቱ ናታ የነገረችኝ። ብመክራት አልሰማ አለችኝ።" ራሱን ነቀነቀ። "ጾም ጥሩ ነው። ልክ ግን አለው።"

ማታ ላይ ለቀስተኛው ሲቀንስ ረድዋን ገንዘቤ አጠገብ ቁጭ አለ።

"ወተት ሰጥተሽው ነበር?"

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሰው ሳንቲሙን የሚቋጥርበትን ጫፍ። አራት ቢጫ ኪኒኖች መዳፏ ላይ ወደቁ።

"የመጨረሻዎቹ ናቸው" አለች። "ሲነቃ እሰጠዋለሁ ብዬ ቋጠርኳቸው። አልነቃም።"

ኪኒኖቹ ተመርምረው ውጤቱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ዱቄትና ቀለም። መድኃኒት የሚባል ነገር የለበትም።

ወልደየስ ሲነገረው ራሱን ያዘ። "እኔንም ሸውደውኛል። የጅምላ ሻጩ ነው። እኔ በምን አውቃለሁ?" ሱቁ ሲፈተሽ ደግሞ አንድም ቢጫ ኪኒን አልተገኘም።

ረድዋን ወደ ገንዘቤ ተመለሰ።

"ኪኒኑ የውሸት መሆኑን አግኝተናል። እሱ ማወቁን ግን ማሳየት አልቻልኩም። 'ተሸወድኩ' ካለ ትንሽ ይቀጣና ሱቁን መልሶ ይከፍታል። የምታውቂው ነገር ካለ አሁን ነው።"

"ምያለሁ" አለች።

"ለማን?"

ግድግዳው ላይ ያለውን የመሳይን ፎቶ አየች። ረድዋን አልገፋትም። ጫማውን አድርጎ ወጣ።

የሽኝቱ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንኳን ተተከለ። ሳጥኑ መሃል ተቀመጠ። ወደ ኤንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና ውጭ ቆሟል። ወልደየስ ፊት ወንበር ላይ ነው፣ መሐረቡን አይኑ ላይ አድርጎ። ገንዘቤ አጠገብ ግን ማንም አልተቀመጠም። ግራና ቀኟ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

ቄስ ይመር ጸሎቱን ሲጨርሱ ተነሳች።

"ወተት ጠጥቷል" አለች።

ወልደየስ መሐረቡን ከአይኑ አወረደ።

"በፍልሰታ። በእጄ ነው ያጠጣሁት። ኪኒን በዋጠ ቁጥር። ለሰው እንዳልናገር አስምሎኛል፣ 'ቅዳሴ ላይ ስቆም ሰው እንዴት ያየኛል' ብሎ።" ወደ ሳጥኑ ዞረች። "ይቅር በለኝ መስዬ።"

"ለማንም አልነገርሽም?" አለ ረድዋን ከኋላ።

"ለአንድ ሰው። ሲብስበት ጨነቀኝ። ለጋሽ ወልደየስ ዋትሳፕ ላይ ጻፍኩላቸው። 'ወተቱን እየጠጣ ነው፣ ግን አልተሻለውም፣ ሆስፒታል ልውሰደው?' አልኳቸው። በድምፅ መለሱልኝ።"

ስልኳን ከደረቷ አወጣች። ተጫነችው። የወልደየስ ድምፅ ነው፣ ለስላሳ፣ አባታዊ።

"ገንዜ፣ ሆስፒታል አበሻ ነርሶች አሉ። ምን በላ፣ ምን ጠጣ ብለው ይጠይቁሻል። ዲያቆኑ ጾም ገደፈ ተብሎ ካምፓላ ይሞላል። የልጁን ስም አታጥፊ። አርፈሽ መድኃኒቱን አስጨርሺው።"

መሐረቡ ከወልደየስ እጅ ወደቀ።

"አላልከኝም?" አለች ገንዘቤ። እስከዛሬ አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

ረድዋን ፊቱ መጥቶ ቆመ። "ለእኔ አልጠጣም ብላኛለች አሉኝ። ወተቱን እየጠጣ ኪኒኑ እንዳልሠራ ያወቁት ግን እርስዎ ብቻ ነበሩ። መቼ ነው የውሸት መሆኑን ያወቁት?"

ወልደየስ መሬት መሬት አየ።

"ጤና ጣቢያው ባዶ ሲሆን ሰው እኔ በር ላይ ተሰለፈ። እውነተኛው ጠፋ፣ ርካሹ መጣ። መጀመሪያ አላወቅኩም። ከዛ የወሰዱት ሳይሻላቸው መመለስ ጀመሩ።"

"ከመሳይ በፊት?"

"በፊት።"

"ሆስፒታል ቢሄድስ?"

"ኪኒኑን ያዩት ነበር። ሱቁ ይዘጋል። ሃያ ዓመት የደከምኩበት ሱቅ..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሁለት ፖሊሶች ገብተው ወሰዱት። ተሻለ ወልደየስ ሲያልፍ ፊቱ ላይ እንዳይተፋ አፉን በእጁ ይዞ ነበር።

ቄስ ይመር ገንዘቤ ፊት መጡ። መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

"ልጄ፣ የታመመ ሰው አይጾምም። ቢጠይቀኝ እኔው ወተቱን ይዤለት እመጣ ነበር።"

"አልጠየቀዎትም አባ። አፈረ።"

ያኔ ነው ከኋላ ወንበር የወደቀው። ፋንቱ ናት። ቦርሳዋን ገልብጣ ትበረብራለች። ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ከዛ ከወልደየስ የገዛችው የተቆረጠ የኪኒን ማሸጊያ። ውስጡ ቢጫ ኪኒን። ይሄን ሁሉ ቀን ገንዘቤን ስታማ የከረመችው ሴት ማሸጊያውን ወደ ገንዘቤ ዘረጋች።

"አርሴማ" አለች። "ልጄ ቤት ተኝታለች። ትኩሳቷ አልወረደም። እኔ እኮ... ፍልሰታ ነው ብዬ ወተትም አልሰጠኋት።"

ገንዘቤ የወንድሟን ሳጥን አንዴ አየችው። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። ከዛ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የፋንቱን ክንድ ይዛ አስነሳቻት።

"ብትሰጫትም አይረባም ነበር" አለቻት። "ሆስፒታል እንውሰዳት። ቦዳው በር ላይ ነው።"